ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ

ሰው ስለ ምግቡ ሲያስብ የሚታየው መሶቡ ብቻ ነው፤ መሶቡን የሞሉት እነማን እንደ ሆኑ ግን አዘውትሮ አይመረምርም። ይህን ነገር የሚያስተምረን ምሳሌ በመንዝ ምድር፥ በጓሳ ተራራ ላይ ይገኛል።

በዚያ ደጋ ጭላዳ ሣር ይግጣል፤ አይጥም ከሣሩ ይኖራል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ አይጥን ይበላል። ቀበሮው በጭላዳው መንጋ መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ ያድናል፤ ጭላዳውም ብዙውን ጊዜ አይሸሸውም። በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርምር እንደሚገልጸው፥ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶው ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህል ሲሆን፥ በመንጋው መካከል ግን 67 ይደርሳል። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ልጅ ቢነጥቅ፥ መንጋው ተነሥቶ አስጣለው፤ ኋላም ሊመለስ ቢል ከለከለው። ስለ አንድ ጉርሻ ገበታውን አጣ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ገበታ የተዘረጋው በሣሩ ላይ ነው። የመንዝ ሰውም ጎጆውን የሚከድነው፥ ገመዱንም የሚገምደው ከዚያው ከጓሳ ሣር ነበረ። ስለዚህ አባቶች ሥርዓት አውጥተው ስፍራውን ለ3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ለ5 ዓመት ይዘጉት ነበር። የመንዝ ተወላጅ የሆኑት አያቴ፥ «ጓሳው ተዘግቷል ከተባለ፥ ጣራው ቢያፈስም ማጭድ የሚያነሣ አልነበረም» ይሉኝ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን የአገሩ ሰዎች እንደ ገና ተሰብስበው ጥበቃውን አቋቋሙ።

አንባቢ ሆይ፥ ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከውሻችን የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ይፈጃቸዋል፤ ማረሻችንም ሣሩን እየገለበጠ ወደ ተራራው ይወጣል። አይጡን የሚበላው ከጠፋ፥ አይጡ የማንን ገብስ ሊበላ ነው?

እንግዲህ እጅ የደረሰበትን ሁሉ መብላት ጥጋብ አይደለም። ዛሬ በፈቃዳችን የተውነው ሣር ለአይጡም፥ ለቀበሮውም፥ ለልጆቻችንም ቀለብ ነው፤ በስስት ያጨድነው ግን እኛንም አንድ ክረምት አያሻግረንም።