ጎማው ስንት ኩንታል ይችላል?

በሞያሌ መስመር እቃ የምንልክ ሰዎች መኪና ስንከራይ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋውንና የሚነሳበትን ቀን። ጎማውን ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። የሹፌሩ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን እንደዚያ አናስብም። መኪናው ላይ ስንት ኩንታል እንደሚወጣ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሹፌሩ ሳይሆን እቃ ያለው ሰው ነው። «አምስት ኩንታል ብቻ እኮ ናት፣ ከላይ ጣል አድርጋት» የሚለው ድምፅ የነጋዴ ድምፅ ነው።

እኛ ሁለት ቤተሰብ ነን። ቦሎቄ ሰብስበን እስከ ሞያሌ በአይሱዙ እናወርዳለን፤ እዚያ ተራግፎ በኬንያ መኪና ናይሮቢ ይገባል። ስለ ጎማ የምናውቀውን የተማርነው ከሹፌሮችና ከጎሚስታዎች ነው።

መጀመሪያ የጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። በመለስተኛ አይሱዙ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ጎማ 7.50 በ16 የሚባለው ነው። ከልኩ አጠገብ 122/118 የሚል ካለበት፣ 122 ማለት ጎማው ብቻውን ሲሆን 1,500 ኪሎ፣ 118 ማለት ደግሞ ከሌላ ጎማ ጋር ጎን ለጎን ሲጣመር 1,320 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ኋላ አራት ጎማ አለ፤ ድምሩ 5,280 ኪሎ ይሆናል። ሃምሳ ሁለት ኩንታል ከምናምን ነው ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ የካሶኒው፣ የባሌስትራውና የዲፈረንሻሉ ክብደትም እዚያው ውስጥ ነው። ያ ሲቀነስ የሚተርፈው ደላላው በስልክ ከሚነግራችሁ በጣም ያንሳል። ቁጥሩ ከጎማ ጎማ ስለሚለያይ የእኛን ሳይሆን የራሳችሁን መኪና አንብቡ።

ይህ ቁጥር የሚሠራው ደግሞ ንፋሱ ሙሉ ሲሆን ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ጎማው ውስጥ የታመቀው ንፋስ እንጂ ላስቲኩ አይደለም። ንፋስ ሲጎድል የጎማው ጎን በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ በዚያው ይግላል፤ ግለቱ ውስጡ ያሉትን ክሮች ከላስቲኩ ያላቅቃል። ከዚያ በኋላ የሚፈነዳበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ዓመት ከያቤሎ ወደ ሜጋ ስንወርድ የሆነው ይኸው ነው። የእኛና የሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ቦሎቄ የተጫነበት መኪና ነበር። ከኋላ በግራ በኩል ከተጣመሩት ሁለት ጎማዎች የውስጠኛው ንፋሱ ወጥቶ ኖሯል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ቆመዋል፤ የውጭኛው ጓደኛውን ደግፎ ይዞታልና። ሂሳቡን አስሉት፤ ሁለቱ አንድ ላይ 2,640 ኪሎ የሚችሉትን፣ 1,500 ብቻ የሚችል አንድ ጎማ በቀትር ሐሩር ተሸክሞ ይሮጣል። እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። ሹፌሩ የበሰለ ሰው ነበር፤ ፍሬን አልረገጠም። መሪውን አጥብቆ ይዞ እግሩን ከነዳጅ አነሳና መኪናው በራሱ እስኪዘገይ ቀጥ አድርጎ ነዳው። እኛ ተርፈናል። ረዳቱ ያቤሎ ላይ ጭነቱ ላይ ከሰቀላቸው ሁለት ልጆች ግን አንዱ ጆንያዎቹ ሲንሸራተቱ እጁ ተሰበረ። ሜጋ እስክንደርስ ድረስ ጋቢና ውስጥ መካከላችን ተቀምጦ አንድም ጊዜ አላለቀሰም፤ ዝም ማለቱ ነው የከበደን።

ረዳቶች ጎማ በዱላ እየመቱ ሲዞሩ ታያላችሁ። ጨርሶ የተነፈሰውን በድምፁ ይለዩታል፤ ሲሶው የጎደለውን ግን ዱላ አይለይም። የንፋስ መለኪያ ያስፈልጋል፤ የውስጠኛውም ጎማ መለካት አለበት። መለኪያው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር መቶ ገደማ የነበረው ንፋስ በአራት ያህል ይወጣል፤ ጎማው ሲሠራም ይህን ታስቦ ነው። እኩለ ቀን ላይ «ጎማው ግሏል፣ ትንሽ ይተንፍስ» ብሎ የሚያስተነፍስ ሹፌር ካጋጠማችሁ ለምኑት፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎዶሎ ጎማ ይዞ ነው የሚያድረው። በተጣመሩት መሃል ድንጋይ ተሰክቶ እንደሆነም እግረ መንገዳችሁን ተመልከቱ።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ለእኛ አገር ሰው ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል ወጥመድ አለ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። 0914 ማለት 9ኛው ሳምንት፣ 2014 ማለት ነው፤ ግን በፈረንጅ። ሻጩ «የ2014 ጎማ ነው» ሲል በእኛ አቆጣጠር ለሰማው ሰው ጎማው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወጣት ይሆንለታል። ጥርሱ ያልተነካ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ሊሆን ይችላል፤ ላስቲክ ግን መጋዘን ውስጥም ያረጃል። በጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፈልጉ።

አጫጫኑ ላይ ጫኝና አውራጆች ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ካላጣደፍናቸው ማለት ነው። ከባዱ ከታች፤ ጆንያው እንደ ግንብ ጡብ አንዱ የሌላውን መጋጠሚያ እየረገጠ፤ ግራና ቀኙ እኩል። ከኋላ ጫፍ ላይ የተቆለለ ጭነት የፊት ጎማውን ያቀልና መሪው ይሰንፋል። ከዲላ በይርጋ ጨፌ አድርጎ ቡሌ ሆራ የሚወስደው ጥምዝምዝ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰው ከጭነት ላይ አይወጣም፤ በዚህ እኛ ዘንድ ድርድር የለም።

ከሞያሌ ወዲያ ሌላ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጭነት ቁጥጥር ሕግ ክብደቱን በጠቅላላው ብቻ ሳይሆን በየአክስሉ ይመዝናል፤ መሪው ያለበት አክስል እስከ 8 ቶን፣ አራት ጎማ ያለው ነጠላ አክስል እስከ 10 ቶን። ጠቅላላው ልክ ሆኖ አንዱ አክስል ቢበልጥ ሚዛኑ ላይ ያስቆማሉ። ስለዚህ ሞያሌ ላይ እቃ ሲገለበጥ ቆመን እናያለን። ከኢስሊ የምናስመጣው ፕላስቲክና ጫማ ደግሞ ቀላል ነው፤ የሱ ችግር ቁመቱ ነው። የማርሳቢት ንፋስ በጎን ሲመታ ከፍ ብሎ የተቆለለ ጭነት ሸራው እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋል።

አሁን ከባለመኪናው ጋር ስንዋዋል ኩንታሉን በወረቀት እናሰፍራለን፤ ከዚያ በላይ የመጣ እቃ፣ የእኛም ቢሆን፣ ይቀራል። ባለፈው ሰባት ኩንታል ቦሎቄ መጋዘን አድሮ ከሳምንት በኋላ በሌላ መኪና ሄደ። ሞያሌ ያለው ደንበኛችን አኩርፎ ስልክ ዘጋብን። እትዬ ባለቤቱ ናቸው ቡና አስፈልተው ያስታረቁን።