ከሐይቅ በላይ

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ወረድን። ሐሳባችን እስጢፋኖስ ገዳም ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን ስፍራ የታሪክ ተማሪ ሆኖ ሳያዩ መመለስ ይከብዳል። ዳሩ ግን የወንዶች ገዳም ነው፤ ከሰባታችን አራቱ ደግሞ ሴቶች።

«እናንተ ግቡ፣ እኛ እንጠብቃለን» አሉ ሴቶቹ። ወንዶቹ እምቢ አሉ። ክርክሩ ሳያልቅ ቆሎው አለቀ!

ኋላ ሁላችንም ኮረብታውን ያዝነው። ጦሳን ለለመደ እግር አቀበት እንኳ አይባልም። ከላይ ሲያዩት ውሃው ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ማሽላ፤ ድሮ ደሴት የነበረው ገዳም ዛሬ በቀጭን የብስ ከዳር ተያይዟል። አንዷ ያንን መሬት በጣቷ እየተከተለች፣

«ውሃው እንኳ ሸሽቶ መንገድ ሰጥቷል» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። ወርደን የዓሣ ጥብስ አዘዝን፤ ለሰባት።