ሞተሩ አልጠፋም

ድሬዳዋ ደቻቱ ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ የሚወራው «ሞተሩ አየር ላይ ጠፍቶ ነበር» እየተባለ ነው። ጫት ተራ ሰምቼዋለሁ፣ ሻይ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ «ፓይለቱ ፈርቶ እኮ ነው» ተብሎ ሲጨመርበትም ሰምቻለሁ። እኔ አውሮፕላኑ ውስጥ ነበርኩ። ያየሁትንና በኋላም ጠይቄ የተረዳሁትን ልመስክር።

ነሐሴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን እየሄድን ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ለሕክምና የሚሄዱ፣ አዴ የምላቸው አንዲት እናት ናቸው፤ ተስቢሃቸው ከእጃቸው አይለይም። እንደተነሳን ቀዚራንና መጋላን የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በመስኮት አሳየኋቸው። ሳቁ። ወደ ምዕራብ ግን የጨርጨር ተራሮች አናት ላይ ደመናው ተከምሮ ነበር፤ ሥሩ ጠቁሯል።

ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት በርቶ ብዙም ሳይቆይ ወለሉ ከእግራችን ሥር የጠፋ መሰለን። ሆዴ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ። የአንዱ ስልክ ጣሪያውን መትቶ ወደቀ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ከታች ገፍቶ ወንበሩ ላይ ደፈጠጠን፤ መልሶ ጣለን። «ያ አላህ!» የሚለው፣ «እመብርሃን!» የሚለው፣ የሕፃናቱ ልቅሶ ተደባለቀ። በመስኮት ክንፉን አየሁት፤ ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ብረት እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አሁን ይሰበራል ብዬ ጠበቅሁ።

በዚህ መሐል የሞተሩ ጩኸት ቀነሰ። መናወጡን የቻለው ሰው ሁሉ ይህን አልቻለም። ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ «አቦ! ፈጠን አድርጎ ያውጣን እንጂ!» እያለ ይጮሃል፤ እኔም ልቤ የሚለው ያንኑ ነው። አዴ አንጓዬን ጨምድደው ይዘው «ልጄ፣ ሞተሩ ሞተ እንዴ?» አሉኝ። «አልሞተም አዴ፣ ይሰማኛል» አልኳቸው። በእርግጥም ዝቅ ብሎ ይሰማ ነበር።

ከአዋሽ በኋላ ሰማዩ ተከፈተ። ቦሌ ስናርፍ ሰው አጨበጨበ፤ ያለቀሰም ነበር። የተጎዳ የለም።

ወደ ሰፈር እንደተመለስኩ ያንን የድምፅ መቀነስ ይዤ የሄድኩት ጎረቤታችን ጋሼ ዘንድ ነው። በአየር ኃይል ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ነገሬን ጨርሼ ሳልናገር «ጎበዝ ፓይለት ነው» አሉ።

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ጩኸቱ የቀነሰው ፓይለቱ ሆን ብሎ ፍጥነት ስለቀነሰ ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን በዐውሎ ውስጥ የሚበርበት የተወሰነ ፍጥነት አለው። ከዚያ በጣም ሲያንስ ክንፉ አየሩን መያዝ ሊያቅተውና አውሮፕላኑ ሊወድቅ ይችላል፤ ከዚያ ሲበልጥ ከታች ድንገት የሚገፋው ነፋስ ክንፉን የሚመታበት ጉልበት ይበረታል። ፈጥኖ መውጣት ማለት ያንኑ ነፋስ በባሰ ኃይል መጋጨት ነው። ለደቻቱ ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1998 አንድ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ቤቱንና ሰውን ጠርጎ ሲወስድ፣ የውኃው ብዛት ብቻውን አልነበረም የገደለን፤ ፍጥነቱም ነበር። የውኃም ሆነ የአየር ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል።

የክንፉ መታጠፍስ? አልኳቸው። እንዲታጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ባይታጠፍ ነበር የሚሰበረው አሉኝ። የአውሮፕላን ባለሙያዎች የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው፤ ስሙ ፍላተር ይባላል። ክንፍ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፦ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል፣ እንዲሁም ይጠመዘዛል። በልኩ ሲበር፣ ነፋስ ቢነቀንቀውም አየሩ ራሱ ንቅናቄውን ያበርደዋል። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ግን መታጠፉና መጠምዘዙ እየተጋገዙ ይሄዳሉ፤ ያበርድ የነበረው አየር ጉልበት ይጨምርላቸዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ርግብግቢት ከፊተኛው ይበልጣል፤ በሰከንዶች ውስጥ ክንፍ ወይም ጭራ ሊገነጠል ይችላል። ፓይለት ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ ላይ ቀይ ምልክት የተደረገው፣ ሲታለፍም የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚጮኸው፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአውሮፕላን ሕግም አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ለጥልቅ ቁልቁለት ከተነደፈበት ፍጥነት በላይ 15 በመቶ ተጨምሮም ፍላተር እንደማይነሳበት እንዲረጋገጥ ያዛል።

ይህ ሕግ በነፍስ የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በቴክሳስ፣ በ1960 በኢንዲያና፣ ሎክሂድ ኤሌክትራ የሚባሉ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ክንፋቸው ተገንጥሎ ወደቁ። በመጀመሪያው 34፣ በሁለተኛው 63 ሰው ሞተ። የተረፈ አልነበረም። ምርመራው እንዳሳየው፣ ሞተሩን የያዘው ማሠሪያ ሲላላ ፕሮፔለሩ ከነሞተሩ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው ወደ ክንፉ ተላልፎ ክንፉን ይሰብረዋል። እኔን ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ምክንያቱ ገና በውል ሳይታወቅ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን የቀሩት ኤሌክትራዎች ከ275 ኖት፣ ከቀናት በኋላም ከ225 ኖት በላይ እንዳይበሩ አዘዘ፤ ይህም በሰዓት 417 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሞተሩ ማሠሪያና ክንፉ እስኪጠነክር ድረስ ሕዝብ ጭነው የበረሩት በዚያ ገደብ ነው።

የእኛም ሐዘን አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ የተነሳው በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰው አልቋል። እርሱ ፍላተር አይደለም። ከአንድ ዳሳሽ በመጣ የሐሰት መረጃ ኤምካስ የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቆት ነው። ነገር ግን አውሮፕላኑ የ340 ኖት ገደቡን አልፎ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ጭራው ላይ ያረፈው የአየር ጫና የአፍንጫውን አቅጣጫ በእጅ መንኮራኩር ማስተካከልን እጅግ አክብዶታል። እነዚያን ፓይለቶች የምወቅስበት አንደበት የለኝም፤ በ6 ደቂቃ ውስጥ ማንም ሊሸከመው የማይገባ ሸክም ተጭኖባቸው ነበር። ፍጥነት ምን ያህል እጅ እንደሚያስር ግን ከዚያ አደጋ በላይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ለአዴ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ሕክምናቸውን ጨርሰው በአውቶቡስ ተመልሰዋል። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ጎሽ፣ ዕድሜ ይስጠው። ታዲያ ልጄ፣ ለምን አልነገረንም?» አሉ።

ጋሼ ለዚህም መልስ ነበራቸው፤ ፓይለት መጀመሪያ አውሮፕላኑን ያበራል፣ ቀጥሎ መንገዱን ይይዛል፣ መናገር የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። እቀበለዋለሁ። የአዴን ጥያቄ ግን አልመለሰልኝም። ዐውሎ ሲመጣ እጁ የማይፈታ ከሆነ፣ ገና ድሬዳዋ ቆመን ሳለን «መንገዱ ላይ ደመና አለ፣ ስንገባበት ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ ድምፁ ሲለወጥ አትደንግጡ» ማለት ይቻላል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ። ያን ሰምተው ቢሆን አዴ በአውቶቡስ አይመለሱም ነበር።