ማደግ ያልተፈቀደላት ልጅ

የንባብ ክፍል፦ ኢሳይያስ 46፥1-4፤ ሉቃስ 2፥41-52

ሸርሊ ቴምፕል አሥራ ሁለተኛ ዓመቷን የምታከብር መስሏት ሳለ እናቷ እውነቱን ነገረቻት፤ የሞላት አሥራ ሦስት ነበር። የፊልም ኩባንያው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከዕድሜዋ ላይ አንድ ዓመት ቀንሶ ነበር ለሕዝብ ያስተዋወቃት። የሚሸጠው ትንሽነቷ ነበርና።

አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1938 ለአራት ተከታታይ ዓመታት ብዙ ተመልካች በመሳብ ከሁሉ አንደኛ እሷ ነበረች። እንደ ክላርክ ጌብል ያሉ ጎልማሳ ተዋንያን እንኳ ከኋላዋ ነበሩ። ዘፈኗ፣ የጉንጯ ስርጉድ፣ እናቷ 56 ቦታ እየጠቀለለች የምታሳምረው ጸጉሯ፣ ሁሉም ይወደድላት ነበር።

ከዚያ አደገች። በ1940 «ሰማያዊዋ ወፍ» የተባለው ፊልሟ ከሰረ፤ በዚያው ዓመት ከኩባንያው ጋር የነበራት ውል አበቃ። ሌላ ትልቅ ኩባንያ ተቀበላት፤ ነገር ግን በ1941 አንድ ፊልም ብቻ ሠርታ ተለያዩ። በ1942 በወጣው ፊልሟ አንድ ልጅ ጉንጯን ሲስማት መታየቱ ትልቅ ወሬ ሆነ፤ ፊልሙ ግን አልተሳካም። በ1944 በረዳት ተዋናይነት ተመለሰች። በ1947 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና ከኬሪ ግራንት ጋር የሠራችው ፊልም ተወደደላት። የልጅነቷ ዝና ግን አልተመለሰም። በ1950፣ በ22 ዓመቷ፣ ፊልም መሥራት አቆመች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የሚነካው የክፉ ሰዎች ሥራ አይደለም። ሰዉ ሁሉ ይወዳት ነበር። ፍቅሩ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ «አትደጊ» የሚል። ይህን ደግሞ የትኛውም ልጅ ሊፈጽመው አይችልም።

ነቢዩ ኢሳይያስ የባቢሎን ጣዖታት በእንስሳት ጀርባ ተጭነው ሲሄዱ ያሳየናል። ሰው ጣዖቱን ይሸከማል፤ ሸክሙ ሲከብደው ግን ይጎብጣል። እግዚአብሔር ግን በተቃራኒው ነው። ሕዝቡን ከማኅፀን ጀምሮ የተሸከመ፣ እስከ ሽበትም የሚሸከም እሱ ነው። ስናድግ አንከብደውም። ዓለም ሸርሊን እንደ ጣዖት ተሸከመቻት፤ ስትከብዳት አወረደቻት።

ጌታችን ኢየሱስም አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ያውቃል። በዚያ ዕድሜው በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ይጠይቅም ነበር። ማርያምና ዮሴፍ የመለሰላቸው ነገር አልገባቸውም። ማርያም ግን ያልገባትን በልቧ ጠበቀችው እንጂ ወደ ሕፃንነቱ ልትመልሰው አልሞከረችም። እሱም በጥበብና በቁመት አደገ። አብ የልጁን ማደግ እንደ ኪሳራ አልቆጠረውም።

ወገኖቼ፣ እኛስ? በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ መድረክ ላይ ቆማ ጥቅስ በቃሏ ስትል «ተባረኪ!» እንላለን፤ ስልካችንን አውጥተን እንቀርጻለን። አሥራ አራት ሲሞላት ድምጿ ይቀንሳል፤ ጥያቄዋ ይበዛል። «የምንጸልየው ለምንድን ነው ሳይመለስ የሚቀረው?» ትላለች። ያን ጊዜ «ድሮ እንዴት ያለች መንፈሳዊ ልጅ ነበረች!» እንላለን። ይህን ስትሰማ የምንወደው እሷን ሳይሆን ትዝታችንን እንደሆነ ይገባታል። ከጎኗ ተቀምጦ ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው የሚሰማ አንድ ሰው ግን ብዙ ሊለውጥ ይችላል።

ሸርሊ ከፊልም በኋላም ረጅም ዕድሜ ኖራለች። ሦስት ልጆች አሳደገች፤ በ1974 በጋና፣ በ1989 ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነች። ጭብጨባው ሲያልቅ ሰውየው አያልቅም።

ምናልባት ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እህቴ፣ ሰዎች የወደዱላችሁ ነገር አልፏል። ድምፅ፣ ውበት፣ ሥራ ወይም አገልግሎት ሊሆን ይችላል። ከማንም ጭብጨባ በፊት የተሸከማችሁ አምላክ ዛሬም አላወረዳችሁም። ገና ካላወቃችሁት ደግሞ፣ የሚጠራችሁ አሁን እንዳላችሁ ነው።

አባት ሆይ፣ ልጆቻችንን አንተ በምትወድበት ፍቅር እንድንወድ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።