ቢጫው መሀረብና የሽንሌ ካሳ

መቼም «የድሬ ሙቀት ገደለኝ» የሚል ሰው ሽንሌን አላያትም ማለት ነው! ከድሬዳዋ በስተሰሜን ወጣ ስትሉ ቤቶቹ ያልቁና ሜዳ፣ ግራር፣ ግመል፣ እንደገና ሜዳ ይሆናል። ብዙም ሳትርቁ ሽንሌ ናችሁ። አሮጌው የጅቡቲ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ የደረሰው በዚችው በኩል አልፎ ነው። ዞኑም ድሮ በስሟ «የሽንሌ ዞን» ይባል ነበር፤ አሁን ሲቲ ዞን ተብሏል።

እኔን ሽንሌ ላይ የያዘኝ ግን ሙቀቱም ባቡሩም አይደለም። ቅጣት ነው! አዎ፣ ቅጣት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሞባይሉ ላይ የአሜሪካን ፉትቦል ያያል። ሚኒሶታ ኮሌጅ የሚማር የአጎቱ ልጅ ነው ቪዲዮውን የሚልክለት። (የኛ እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ይዘው የሚላተሙበት ጨዋታ ነው። በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ 9 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ወደፊት መግፋት አለባቸው።) ድንገት ዳኛው ቢጫ መሀረብ ወረወረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኩት።

«ፋውል ነዋ!»

ታዲያላችሁ እየሳቀ አስረዳኝ። እዚያ ጥፋት የሚቆረጠው በያርድ ነው፤ እንደ ጥፋቱ 5፣ 10 ወይም 15። አንዱ ያጠፋል፣ 11ዱም ተያይዘው ወደኋላ ይሄዳሉ። ለጎል ቀርበው ከሆነና ቅጣቱ ከቀረው ርቀት ግማሽ የሚበልጥ ከሆነ፣ ግማሹን ብቻ ይቀጣሉ። ሁለቱም ቡድኖች ካጠፉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይጣፋና ጨዋታው ይደገማል። ደስ ያለኝ ግን ይሄ ነው፤ የተበደለው ቡድን ይጠየቃል! ተከላካዩ ቀድሞ ዘሎ ገባ እንበል፤ ቅጣቱ 5 ያርድ ነው። አጥቂዎቹ ግን በዚያው ሙከራ 40 ያርድ ሮጠዋል። ካፒቴኑ «ቅጣቱን አልፈልግም፣ 40ዬን ስጡኝ» ይላል፤ አለቀ። በኛ እግር ኳስ ጨዋታው ይቀጥል ብሎ የሚወስነው ዳኛው ነው፤ ተበዳዩን ማን ጠይቆት!

«አቦ! ይሄማ የኛው ሔር ነው» አለኝ ልጁ።

ሔር ኢሴ የኢሳ ሶማሌዎች ያልተጻፈ ሕግ ነው። 44 ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንዳወጡት ይነገራል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ ዩኔስኮ ላይ አስመዝግበውታል። ዳኝነቱ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የሰው ነፍስ ከጠፋ ካሳው ለወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50 ነው፤ ዛሬ ዛሬ በብርም ይተመናል። ግመሉን ታዲያ ገዳዩ ብቻውን አያመጣም። ዘመድ ከዘመድ ያዋጣል። ሁለቱም ወገን ጉዳት ካለው ይቆጠርና ይቻቻላል፤ የሚከፈለው ልዩነቱ ነው። የተበደለው ወገን ከፈለገም ይምራል።

ልጁ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ ሁለት ዓመት ቆጥቦ ነበር። አንድ ቀን ዓይቶት የማያውቀው የጎሳው ሰው በአይሱዙ ሰው ገጭቶ ገደለ። ድርሻህን ተባለ። ከፈለ። ባጃጁም ቀረ።

«አልተናደድክም?»

«ወላሂ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። ግን ነገ ባጃጅ ይዤ እኔ ብገጭስ? ማን ይከፍልልኛል?»

እኔ የአዲሳባ ልጅ ይሄን ስሰማ ዝም አልኩ። የኛ እድር ስንሞት ይቀብረናል እንጂ ስናጠፋ አይከፍልልንም። ልጁ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ ጎረምሳ ስለት ሲያወጣ መጀመሪያ የሚይዙት የራሱ ዘመዶች ናቸው። ለምን ቢባል፣ ከፋዮቹ እነሱ ናቸዋ!

ይሄን ሁሉ ስታዳምጥ የነበረችው ሻይ ሻጯ ግን ብርጭቆዋን እያጠበች አንድ ነገር ጣል አደረገች።

«እኔን ቢገጩኝ ግን ግማሽ ነኝ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ካሳው ግማሽ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ዛፉ ሥር ተቀምጠው የሚቆርጡት ወንዶች ናቸው። «ተበዳይ ይመርጣል» የሚባለውም የጎሳው ሽማግሌ ይመርጣል ማለት ነው። እግሯ የተሰበረው ልጅ «ምህረቱን አልፈልግም፣ ፍርድ ቤት ልሂድ» ብትል ማን ይሰማታል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህል ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ። ነፍስ ማጥፋት የመንግሥት ፍርድ ቤት ነገር ነው። መሬት ላይ ግን እስሩም ይኑር፣ ካሳው ካልተከፈለ እርቅ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ መዋጮው ይቆይ፣ ግማሽነቱ ይቅር ባይ ነኝ። ሻይ ሻጯ ግን አስተያየቴን አልጠየቀችኝም፤ የሻዩን ሂሳብ ነው የጠየቀችኝ።

ልጁ ዘንድሮ ቁጠባውን እንደገና ጀምሯል።

እናንተም በዚያ መንገድ መኪና ይዛችሁ የምታልፉ ከሆነ ማታ ማታ ቀስ በሉ፤ ግመል መብራት አይፈራም። ከገጫችሁ ግን አትሩጡ። ቁሙ፣ ለፖሊስ አሳውቁ፣ ሶማልኛ የሚችል ሰው ፈልጉ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡም በትዕግሥት ጠብቁ። ውሃ መያዝ አትርሱ፤ ዛፉ ሥር ያለው ወሬ ረጅም ነው።