ፈቃዱ ድልድዩ ጋ ያበቃል

አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ሹፌር ሽጉጥ ቢገዛ አይገርመኝም። ሌሊት ይሠራል፤ ማን እንደሚሳፈር አያውቅም። ደግሞ ባደግንበት ቤት ግድግዳ ላይ ጠመንጃ ተሰቅሎ ያየን ብዙዎች ነን። ቨርጂኒያም ብዙ አታስቸግረውም። 21 ዓመት ከሞላውና ወንጀል ከሌለበት ሠልጥኖ፣ ሽጉጡን ልብሱ ሥር ታጥቆ የሚሄድበትን ፈቃድ ከፍርድ ቤት ያወጣል። ጣጣው የሚመጣው ዲሲ የሚሄድ ሰው ሲጠራው ነው።

የ14ኛው ጎዳና ድልድይ በጥቂት ደቂቃ ይታለፋል። ማዶ ግን ያ ፈቃድ ተራ ወረቀት ነው። መንጃ ፈቃድ በሁሉም ስቴት ስለሚሠራ ይሄም እንደዚያው ይመስለናል። አይደለም። ዲሲ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም፤ ሜሪላንድም አትቀበልም። ዲሲ ውስጥ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። «በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቅዶልናል» የሚሉ አሉ። ፍርድ ቤቱ የሻረው ፈቃድ ለማግኘት «ልዩ ምክንያት አምጣ» መባሉን ነው፤ ፈቃድ ማውጣቱ አልቀረም።

ለመንገደኛ ከ1986 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ አለ። ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ ይሁን፤ እሱም ጥይቱም እጅ የማይደርስበት ትራንክ ውስጥ ይቀመጡ። መኪናው የተለየ ትራንክ ከሌለው የተቆለፈ ሳጥን ያስፈልጋል፤ የዳሽቦርዱ ኪስና በወንበሮቹ መሃል ያለው ሳጥን ቢቆለፉም አይቆጠሩም። ሕጉ የሚያገለግለውም መነሻውም መድረሻውም ላይ መሣሪያውን መያዝ ለተፈቀደለት ብቻ ነው። ዲሲ ውስጥ ሰው ሲያመላልስ የሚያድር ሹፌር «አላፊ መንገደኛ ነኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? ኡበርና ሊፍትማ ሥራ ላይ ሽጉጥ ጨርሶ ይከለክላሉ።

በ2013 የፔንሲልቬንያ ፈቃድ ያላት አንዲት የፊላዴልፊያ እናት ኒው ጀርሲ ውስጥ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት። ሽጉጥ መያዟን በቅንነት ራሷ ነገረችው። ታሰረች፤ ክሱም የዓመታት እስር የሚያስከትል ነበር። ነገሩ ያበቃው የስቴቱ የያኔ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ በ2015 ምሕረት ሲያደርጉላት ነው።

ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ግን ከእስሩ የከፋ አለ። የኢሚግሬሽን ሕጉ፣ ሕግ ተላልፎ ሽጉጥ በመያዝ ጥፋተኛ የተባለ የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል ይላል። ቅጣቱ ቀላል ነው፣ ልጆቹ እዚህ ተወልደዋል፣ ሃያ ዓመት ግብር ከፍሏል ማለት ብቻውን ከመባረር አያድንም። ስለዚህ ነገር በየካፌው ሲወራ አልሰማም፤ የሚወራው ስለ ሽጉጡ ዋጋና ዓይነት ነው።

እንዲህ ያለ ክስ የገጠማችሁ፣ «ጥፋተኛ ነኝ በልና በፕሮቤሽን ትወጣለህ» ስትባሉ ቸኩላችሁ አትፈርሙ። የወንጀል ጠበቃችሁ ፍርዱ ከአገር ሊያስባርራችሁ እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ2010 ወስኗል። ካልነገራችሁ ጠይቁት፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ሳታማክሩ እሺ አትበሉ።