ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ውድ አንባቢ ሆይ! አንድ ሰው ከረጢት ሙሉ ጠገራ ብር ይዞ «በጅምላ ልሽጥልህ» ብሎ ቢመጣ በመጀመሪያ ምን ትጠይቀዋለህ? አብዛኞቻችን «ስንት ነው?» እንላለን። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ እንዳለ ላስታውስህ ወደድኩ።

በቅርቡ ከጀልዴሳ የመጣ አንድ ወጣት 400 ያህል ጠገራ ብር እንዳላቸው ነገረኝ። የአያቱን አሮጌ ቤት ሲያፈርሱ ከግድግዳው ሥር የተገኘ ነው። «አንድ በአንድ አይሸጥም፤ ሙሉውን ውሰድ። ግማሹን ዛሬ ክፈለኝ፣ ግማሹን ከሦስት ወር በኋላ» አለኝ። የጠራው ዋጋ ረከስ ያለ ነበር። በእጃችን ያለው ገንዘብ ደግሞ ባለቤቴና እኔ ለሐጅ ብለን ለዓመታት ያጠራቀምነው ነው። ብሩን አትርፌ ብሸጠው ጉዟችን ይፈጥን ነበር።

«ጀልዴሳ ውስጥ ይህን ያህል ብር ከየት ይመጣል?» ትል ይሆናል። ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ግን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች። የቆላው ግመል ሸክሙን እዚያ ያራግፋል፤ ዳገቱን ለመውጣት ዕቃው በአህያና በበቅሎ ይጫናል። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቁና ጠገራ ብሩ ወደ ላይ ይወጣል። የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባል የራሳቸው ትንሽ ሳንቲም ነበራቸው፤ ለትልቁ ንግድ ግን መገበያያው ጠገራ ብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ፤ ጀልዴሳም ጭር አለች። ስለዚህ የወጣቱ ወሬ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፣ ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት አያታልልህ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከሞቷ በኋላ የተሠራው ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይም በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አትመውታል። ስለዚህ «1780» የሚል ብር የአያት ቅድመ አያት ሀብት ሊሆን ይችላል፤ የጣሊያን ወረራ ዘመን ብርም ሊሆን ይችላል። የጥንት ነጋዴዎች የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች እየቆጠሩ የሚቀበሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የአንዱ ክብደት 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። 400ው ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ሳይቆጠር፣ ሳይመዘንና ሳይፈተሽ «ከረጢቱን እንዳለ ውሰድ» የሚባል ሽያጭ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከከለከሉት ከገረር ንግድ ይመደባል። ይህ የመጀመሪያው እንቅፋት ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ከረጢቱን ፈትቶ መቁጠርና በሚዛን ማስቀመጥ።

ሁለተኛው እንቅፋት «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በኋላ» የሚለው ነው። ብር ለማንኛውም ሰው ጌጥ ወይም ቅርስ ሊመስለው ይችላል፤ በሸሪዓችን ግን ብርና ወርቅ ራሳቸው ገንዘብ ናቸው። ዑባደተ ኢብኑ ሳሚት ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ እንደምንረዳው፣ ሁለቱ የሚለዋወጡት ነገሮች ዓይነታቸው ቢለያይ መጠናቸው ሊበላለጥ ይችላል፤ ርክክቡ ግን እጅ በእጅ መሆን አለበት። የወረቀት ገንዘብስ? የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ባደረገው ጉባኤ የወረቀት ገንዘብ በሪባና በዘካ ጉዳይ የወርቅና የብር ሕግ እንደሚመለከተው ወስኗል። እንግዲህ ጠገራ ብርን በዱቤ መግዛት ከሪባ በር ላይ መቆም ነው። የዚህም መፍትሔ ቀላል ነው፤ ሙሉውን ከፍሎ ሙሉውን መረከብ፣ ካልሆነም የቻሉትን ያህል ብቻ መግዛት።

ሁለቱንም ለባለቤቴ ሳስረዳት በትዕግሥት ሰማችኝና «ለመሆኑ ብሩ የማን ነው?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነው ከዋጋው የሚቀድመው ጥያቄ። ከመሬት የወጣ ሀብት ሁሉ የአውጪው አይደለም። ከጃሂሊያ ዘመን የተቀበረ ሀብት ሪካዝ ይባላል፤ አምስት አንድ እጁ ይወጣለትና የቀረው ለአግኚው ይሆናል። በብሩ ላይ የክርስቲያን ንግሥት መልክ ስላለ «ሪካዝ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ይህን ብር የዘይላ ግመለኛም የሐረር ነጋዴም በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር፤ መልኩ የባለቤቱን ሃይማኖት አይነግረንም። ባለቤቱ ያልታወቀ ከሆነ የወደቀ ንብረት ነውና ዓመት ሙሉ ይነገርለታል። ባለቤቱ ከታወቀ ደግሞ ውርስ ነው። የአያት ቤት ግድግዳ ሥር የተገኘ ብር የማን ሊሆን ይችላል? ከአያትየው በቀር ሌላ ማን ይታሰባል?

ወጣቱን ስጠይቀው ሁለት አክስቶች እንዳሉት ነገረኝ። ከአያታቸው በኋላ የሞተ አጎትም ነበረው፤ ያልደረሱ ልጆች ትቷል። «እነርሱ ያውቃሉ?» አልኩት። «ሴቶቹ አግብተው ሄደዋል፣ ልጆቹም ገና ናቸው» አለኝ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ ለሴቶችም ትንሽ ይሁን ብዙ የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። ትዳር ድርሻን አይሰርዝም። የየቲም ገንዘብንማ በግፍ የሚበላ ምን እንደሚበላ በዚያው ሱራ ተነግሮናል።

በሱረቱል ከህፍ የተነገረውን የዚያን ግድግዳ ታሪክ አስታውስ። ኸድር (ዐ.ሰ.) ሊወድቅ የተቃረበውን ግድግዳ ያለ ደመወዝ አቀኑት፤ ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ነበርና፣ አድገው ራሳቸው እንዲያወጡት። የጀልዴሳው ግድግዳ ግን ፈርሷል፤ የቲሞቹም አልደረሱም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ደግሞ መሬት ገዝቶ ወርቅ የሞላበት እንስራ ያገኘ ሰው ወርቁን ለሻጩ ሊመልስ ሄደ፤ ሻጩም አልቀበልም አለ። ሁለቱ የተካሰሱት «የእኔ ነው» በሚል ሳይሆን «የእኔ አይደለም» በሚል ነበር። ዳኛውም ልጆቻቸውን አጋብቶ ወርቁን ለእነርሱ አደረገው። እኛ ዛሬ በየፍርድ ቤቱ የምንካሰሰው በምን እንደሆነ አንተው ታውቃለህ።

የአገራችንን ሕግም አንርሳ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ወራሾቹ ከረጢቱን ከመሸጣቸው በፊት በአካባቢያቸው ያለውን የባህል ቢሮ መጠየቅ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ለወጣቱ እንዲህ አልኩት፦ «አክስቶችህን ጥራ። የልጆቹን አሳዳጊ ጥራ። ሽማግሌና ቃዲ ባሉበት ብሩ ተቆጥሮ ይከፈል። ከዚያ ድርሻውን ለመሸጥ የሚፈልግ ካለ፣ ሕጉም ከፈቀደ፣ የቻልኩትን ያህል እጅ በእጅ እገዛለሁ። ካልሆነ አልገዛም።» ፊቱ ጠቆረ። ሌላ ገዢ እንዳለው ነግሮኝ ሄደ። የሐጃችን ገንዘብ ባለበት አለ፤ ጉዟችንም ባለበት አለ። የየቲም ብር ተሸክሞ ከዐረፋ ከመቆም ግን መዘግየት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ብር ግድግዳ ሥር የቀረው ለምን ይመስልሃል? እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት ሲሰናበት እንኳ ያወጣው የለም። አንድ አባት ደበቀው፤ ሳይናገር ሞተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር መክረዋል። ዘካውንም አስብ፤ የብር ኒሳብ 595 ግራም ነውና 26 ጠገራ ብር ኒሳብ ይሞላል፤ ለ400ው የአንድ ዓመት ዘካ 10 ብር ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ወረቀት አንሡ። በእጃችሁ ያለውን፣ ያበደራችሁትን፣ የተበደራችሁትን፣ አማና የተቀበላችሁትን ጻፉ፤ ለትዳር ጓደኛችሁና ለታመነ ሰው አሳዩ። ሴቶች ልጆቻችሁም ይወቁት። ነገ ግድግዳችሁ ሲፈርስ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ። አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ አሚን።